«አልቀረበም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ለረጅም ዓመት የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። መዝገብ ማውጣት፣ ስም መጥራት፣ ዳኛው ያሉትን መጻፍ፣ ቀጠሮ መመዝገብ። በእነዚያ ዓመታት ከሁሉ አብልጠሽ የጻፍሽው ቃል የትኛው ነው ብትሉኝ አላስብበትም። «አልቀረበም» የሚለው ነው።

ስለ አንዱ «አልቀረበም» ልንገራችሁ።

ልጁ በዋስ የወጣ ተከሳሽ ነው። ክሱ ስርቆት ነው፣ ያውም ትንሽ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት የችሎታችን ክፍል ውስጥ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉን ውሃ ሞላው። ወደ ሁለተኛ ፎቅ እንድንዛወር ተነገረን። ወረቀት አመጣሁ። በትልልቁ «ችሎቱ ሁለተኛ ፎቅ ተዛውሯል» ብዬ ጻፍኩ። በሩ ላይ ለጠፍኩና መዝገቦቼን ታቅፌ ወጣሁ። የልጁ ተራ ሲደርስ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ድምፅ የለም። ተመልሼ ገባሁ። ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝ። የለም በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። «ተከሳሽ አልቀረበም» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸውም ተይዞ ይቅረብ ብለው አዘዙ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቀጣዩን መዝገብ አነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ እናቱ መጡ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆመናል። የጠራን ሰው የለም።»

«እናቴ፣ ችሎቱ ተዛውሯል እኮ። በሩ ላይ ተለጥፏል።»

«የቱ በር ላይ? እስቲ ነይ አሳዪኝ።»

አብሬያቸው ወረድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቧንቧውን የሚጠግኑት ሰዎች ዕቃቸውን ለማስገባት እስከ ግድግዳው ድረስ ገፍተው በአግዳሚ ወንበር አስደግፈውታል። እኔ የለጠፍኩት ወረቀት በበሩና በግድግዳው መሃል ተደብቋል። ልጁ እዚያው አጠገቡ ቆሟል። የዋስትና ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ይዞታል።

ዳኛዋ በማግስቱ ነገሩን ሰምተው የመያዣ ትዕዛዙን አነሱ። እኔም እፎይ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ትዕዛዙ ተነሳ፤ ቃሉ ግን እዚያው ቀረ። የችሎት መዝገብ አይፋቅም። በማግስቱ የተጻፈውም «ትዕዛዙ ተነስቷል» የሚል ነው። «ልጁ መጥቶ ነበር» የሚል ነገር የትም አልተጻፈም። መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላሰብኩትም።

ፍርድ ቤቱን ከለቀቅኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ አገኘሁ። ቀጣሪዎቼ ወጣት ፕሮግራመሮች ናቸው። በዋስ የወጣ ሰው በቀጠሮው ይመጣል ወይስ ይቀራል የሚለውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚተነብይ ሶፍትዌር እየሠሩ ነው። ለዚያ የቆዩ የወንጀል መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር መግባት አለባቸው። መዝገቦቹ ደግሞ በእጅ የተጻፉ ናቸው። የችሎት ጽሕፈት በጥድፊያ የሚጻፍ ነው። ግማሹ ምህጻረ ቃል ነው፣ ፊርማው ጽሑፉ ላይ ይወጣል፣ ለማያውቀው ሰው አይነበብም። የሚያነብላቸው ሰው ፈለጉና እኔን አገኙ።

ሥራዬ እያንዳንዱን መዝገብ እያነበቡ ኤክሴል ላይ መሙላት ነው። ዕድሜ። የክሱ ዓይነት። ከዚህ በፊት ተፈርዶበታል ወይ። በቀጠሮው ቀርቧል ወይ። ከቀረበ 0፣ ካልቀረበ 1።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የራሴ የእጅ ጽሑፍ መጣ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የራስን ጽሑፍ ማንበብ ቀላል ነው። ከዚያ ቀኑን አየሁ። ስሙን አየሁ። የዚያ ልጅ መዝገብ ነው። ጣቴ ቁጥሩ ላይ ቆመ።

«ይሄ ልጅ እኮ መጥቶ ነበር» አልኩት አጠገቤ የሚሠራውን ወጣት።

«መዝገቡ ላይ አለ?»

«የለም። የማውቀው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው 1 ነው የሚሆነው» አለኝ።

ወጣቱ ክፉ አይደለም። ትሁት ነው፤ ሥራውንም ከልቡ ይወዳል። እሱ እንዳለው መመሪያው አንድ ነው፤ እኔ ለማውቀው ሰው ብቻ ልዩ ነገር ብንሠራ ለማላውቃቸው ምን እንላለን? ትክክል ነው። ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚህ ነገሮች በዓለም ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኧርነስት በርጀስ የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1928 በኢሊኖይ ግዛት በአመክሮ የተፈቱ 3,000 ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ 21 ነገሮችን ለይቶ ቆጠረ። በጎ ምልክት ላለው ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ የበዛ ሰው አመክሮውን ሳያበላሽ ይጨርሳል ተብሎ ይጠበቃል። ኮምፒውተር የለም፣ እርሳስና ወረቀት ነው። ከ21ዱ አንዱ የሰውየው «ማኅበራዊ ዓይነት» ነበር። ሰካራም፣ የገበሬ ልጅ፣ ቤት የለሽ ተንከራታች፣ የማይረባ እየተባለ ይሞላል። ይህን ሳነብ ሌላው ሁሉ ቀርቶብኝ ያን ቅጽ የሞላው ሰው ታየኝ። አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ስለ ሌላ ሰው «የማይረባ» ብሎ ጽፎ፣ ቀጣዩን መዝገብ አነሳ።

ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ፍርድ ቤቶች ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል መሣሪያ ይጠቀማሉ። አንድ ሰው ክሱ እስኪታይ ድረስ በዋስ ይውጣ ወይስ ይታሰር በሚለው ላይ ዳኛውን የሚረዳ ነው። ዘጠኝ ነገሮችን ብቻ ያያል። ዕድሜ አለ፣ የቀድሞ ፍርድ አለ፣ ሌላ ያላለቀ ክስ አለ። ከዘጠኙ ሁለቱ ደግሞ የእኔ ቃል ናቸው፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከቀጠሮ ቀርቶ ያውቃል ወይ? ከዚያስ በፊት? ለዚህ መሣሪያ የማመሰግነው አንድ ነገር አለ። የሚያየውም ሆነ ነጥብ የሚሰጥበት መንገድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ተከሳሽ በእርሳስ ደምሮ ሊያረጋግጠው ይችላል። ግን ዘጠኙም ጥያቄዎች «ለምን ቀረ?» አይሉም።

በጣም የታወቀው ግን ሰውየው ዳግም ያጠፋል ወይስ አያጠፋም የሚለውን የሚተነብየው ኮምፓስ የሚባለው ነው። ኖርዝፖይንት የሚባል ኩባንያ የሠራው ሲሆን መጠይቁ 137 ጥያቄ አለው። በመጨረሻ ከ1 እስከ 10 የስጋት ነጥብ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሮፐብሊካ የተባለ የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም በፍሎሪዳ ብሮዋርድ ካውንቲ የተያዙ ከ7,000 በላይ ሰዎችን ነጥብ አግኝቶ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ከሆነው ጋር አመሳከረው። ዳግም ጥፋት ካልተገኘባቸው ጥቁሮች ውስጥ ወደ 45 በመቶ የሚሆኑት «ስጋት ናቸው» ተብለው ነበር። ከነጮቹ ግን ወደ 23 በመቶ። በተገላቢጦሽ፣ በኋላ ዳግም ከተያዙት ነጮች ግማሽ የሚጠጉት «አያሰጉም» ተብለው አልፈው ነበር።

ኩባንያው መልስ ሰጠ። «እኛ ከፍተኛ ስጋት ካልናቸው ውስጥ በእርግጥ የተያዙት በጥቁሩም በነጩም ተመሳሳይ ናቸው፤ ስለዚህ አላዳላንም» አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንዱ ዋሽቷል ብሎ ያስባል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቀመጥ ነው።

እናንተም ሞክሩት። ሁለት ቡድን አለ እንበል፣ በእያንዳንዱ መቶ መቶ ሰው። በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ 50ው በኋላ ተይዘዋል፣ በሁለተኛው 20ው። መሣሪያው ከመጀመሪያው ቡድን 60 ሰዎችን «ስጋት» አለ፤ 40ው ልክ ሆነ፣ 20ው ስህተት። ከሁለተኛው 24 ሰዎችን «ስጋት» አለ፤ 16ቱ ልክ ሆነ፣ 8ቱ ስህተት። በሁለቱም ከሦስቱ ሁለቱ ልክ ነው። እኩል ነው፤ ኩባንያው እውነቱን ነው። አሁን ደግሞ ምንም ያላጠፉትን ብቻ እንያቸው። በመጀመሪያው ቡድን 50 ናቸው፤ 20ው በከንቱ ስጋት ተብለዋል፣ 40 በመቶ። በሁለተኛው 80 ናቸው፤ በከንቱ የተነካኩት 8 ናቸው፣ 10 በመቶ። ጋዜጠኞቹም እውነታቸውን ነው።

በዚያው ዓመት ጆን ክላይንበርግና ባልደረቦቹ፣ ለብቻዋም አሌክሳንድራ ቹልድቾቫ፣ ይህ የአንድ መሣሪያ ጉድለት ብቻ እንዳልሆነ በሒሳብ አሳዩ። የሁለቱ ቡድኖች መነሻ ቁጥር፣ ማለትም ከየቡድኑ በኋላ የሚያዙት ብዛት፣ ከተለያየና ትንበያው ፍጹም ካልሆነ፣ ኩባንያው ያለውን እኩልነትና የሁለቱንም ዓይነት ስህተት (በከንቱ ስጋት መባልና ሳይጠረጠሩ ማለፍ) እኩልነት አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። አንዱን መምረጥ ግድ ነው። የትኛው ይመረጥ የሚለው ደግሞ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ልጆች ማታ ላይ ብቻቸውን የሚወስኑት ነገር መሆን የለበትም።

ያ «መነሻ ቁጥር» ራሱ ከየት መጣ? ማንም ወንጀልን በቀጥታ አይቆጥርም። የሚቆጠረው መያዝ ነው። ፖሊስ ዘወትር በሚመላለስበት ሰፈር የሚያዘው ይበዛል፣ ማንም በማያይበት ሰፈር ያው ጥፋት ሳይመዘገብ ያልፋል። እኔ ይህን ለመረዳት ጥናት አላስፈለገኝም። የተመዘገበው ነገር ከሆነው ነገር ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ከበር ጀርባ አይቼዋለሁ።

ትክክለኛነቱስ? እ.ኤ.አ. በ2018 ጁሊያ ድሬሰልና ሃኒ ፋሪድ ያወጡት ጥናት አለ። ኮምፓስ ከመቶ 65 ጊዜ ያህል ልክ ነበር። ሕግ ያልተማሩ፣ በኢንተርኔት የተመለመሉ ሰዎች ስለ ተከሳሹ አጭር መግለጫ ብቻ አንብበው ሲገምቱ በድምሩ ከመቶ 67 አገኙ። ይባስ ብሎ ዕድሜንና ከዚህ በፊት የተፈረደበትን ብዛት ብቻ የሚያይ ቀላል ስሌት ከዚያ ግዙፍ መጠይቅ ጋር እኩል ሆነ። ይህን ሳነብ ለመጠይቁ መልስ የሰጡት ሰዎች አሳዘኑኝ። ያ ሁሉ ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ጓደኞቻቸው የተናገሩት ነገር ትንበያውን ብዙም አላሻሻለውም ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ምስጢርነቱ ነው። በዊስኮንሲን ግዛት ኤሪክ ሉሚስ የተባለ ተከሳሽ ስድስት ዓመት ሲፈረድበት የኮምፓስ ነጥብ ተጠቅሶበት ነበር። ነጥቡ እንዴት እንደተሰላ ልወቅ ብሎ ይግባኝ ጠየቀ። ስሌቱ የኩባንያው የንግድ ምስጢር ነው ተባለ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ይግባኙን ውድቅ አደረገ። ዳኞች በነጥቡ ላይ ብቻ እንዳይመሠረቱ፣ ከነጥቡ ጋርም ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩን አልመለከትም አለ።

ማስጠንቀቂያ ጥሩ ነው። ግን ችሎት ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። መዝገቡ ላይ ቁጥር ካለ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ነው። ዳኛው በአንድ ጠዋት ያን ሁሉ መዝገብ ሲያይ፣ ከገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይልቅ «9» የሚለው ይቀለዋል።

በኒውዮርክ የሆነውን ደግሞ ስሙ። አንድ ሰው በ16 ዓመቱ ታስሮ ረጅም ዓመት በእስር ቤት ኖሯል። ጠባዩ የተመሰከረለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ለአመክሮ ቀረበ፤ የኮምፓስ ነጥቡ ከፍተኛ በመሆኑ ተከለከለ። ሰውየው ቅጹን አግኝቶ አንድ በአንድ መረመረው። ስለ ዲሲፕሊን የሚጠይቀው አንዱ ሳጥን ላይ በስህተት ምልክት ተደርጓል። አንድ ምልክት ነው። እሱም ቢሆን ያቺ ሳጥን ነጥቡን ምን ያህል እንደምትለውጥ ማወቅ አልቻለም፤ ምስጢር ነውና። በኋላ ተፈትቷል። እስከዚያ ግን ስህተቱን ላስተካክል ብሎ የደከመው ድካም አለ። ያችን ሳጥን የሞላው ሰውም እንደ እኔ ሁለት ደቂቃ የፈጀበት አይመስለኝም።

ሌላም ዓይነት ትንበያ አለ። ሰውየውን ትተው ፍርዱን የሚተነብዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒኮላዎስ አሌትራስና ባልደረቦቹ 584 የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት መዝገቦችን ወስደው፣ ፍርድ ቤቱ መብት ተጥሷል ይላል ወይስ አልተጣሰም የሚለውን ከጽሑፉ ብቻ በአማካይ 79 በመቶ ልክ ገመቱ። ያኔ ዜናው ሁሉ «ማሽን ዳኛ ሆነ» አለ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ግን እንደዚያ አላሉም። ከሁሉ ይበልጥ ለትንበያ የረዳቸው የጉዳዩ አመጣጥ የተተረከበት ክፍል ነበር።

እዚህ ላይ እንደ ጸሐፊ የምለው አለኝ። ያን ክፍል የጻፈው ማን ነው? ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው፤ የታተመውም ከፍርዱ ጋር ነው። ዳኛ ፍሬ ነገሩን ሲያስጽፍ ከጎን ተቀምጦ የጻፈ ሰው ያውቀዋል። ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ውሳኔው ይሸትሻል። «ተከሳሽ እንደሚለው» ካሉ አንድ ነገር ነው፣ «ተከሳሽ እንዳስረዳው» ካሉ ሌላ ነገር ነው። ውሳኔውን የሚያውቅ እጅ የጻፈውን ታሪክ አንብቦ ውሳኔውን መገመት ወደፊትን ማየት አይደለም። በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ማሻ ሜድቬዴቫና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ማሽኑ በቆዩ መዝገቦች ተምሮ በኋላ የመጡትን ሲገምት ትክክለኛነቱ ከ58 እስከ 68 በመቶ ወርዷል። የዳኞቹን ስም ብቻ አይቶ ሲገምትስ? 65 በመቶ። ይህን ቁጥር ደጋግሜ አየሁት። የማን ችሎት እንደደረሰህ ማወቅ ብቻውን ይህን ያህል ይናገራል። እኛ ጸሐፊዎች ባለጉዳይ ፊቱን አጨማዶ «የማን ችሎት ደረሰኝ?» ሲለን የምናውቀው ነገር ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 የዳኞችን ማንነት ለይቶ አካሄዳቸውን መተንተንና መተንበይ እስከ አምስት ዓመት እስር የሚያስቀጣ አድርጋለች። እኔ በዚህ አልስማማም። በሁለት ችሎቶች መካከል ያ ሁሉ ልዩነት ካለ ባለጉዳዩ ሊያውቀው ይገባል።

እንዲህ ስል ማሽን ይቅር እያልኩ አይደለም። ይህን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። ዳኛም ይተነብያል። ዋስትና ሲፈቅድም ሲከለክልም «ይህ ሰው ይመለሳል፣ አይመለስም» ብሎ በልቡ ገምቶ ነው። የዳኛ ልብ ውስጥ ያለውን ስሌት ደግሞ ማንም አያየውም። ክላይንበርግና ሌሎች የኒውዮርክን መዝገቦች ወስደው ባሰሉት መሠረት፣ ውሳኔው በአልጎሪዝም፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት፣ ቢመራ ወንጀል ሳይጨምር እስከ 42 በመቶ የሚጠጋ እስር መቀነስ ይቻል ነበር። ይህ ሊናቅ አይገባም። ያለ ፍርድ የታሰረ ሰው ሥራውን ያጣል፣ ቤቱ ይፈርሳል። ግን ስሌቱ ራሱ አንድ ጨለማ ቦታ አለበት፤ አጥኚዎቹም ብዙ የደከሙበት እዚያ ላይ ነው። የታሰረው ሰው ቢለቀቅ ኖሮ ይመጣ ነበር? ማንም አላየውም። መዝገቡ ያን አይነግርህም።

በአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛት ደግሞ የሆነው ሌላ ነው። ሕግ ወጥቶ ዳኞች የስጋት ነጥቡን እንዲያዩ ከታዘዙ በኋላ ሜጋን ስቲቨንሰን የተባለች ተመራማሪ ውጤቱን ተከታተለች። የተፈቺዎች ቁጥር ትንሽ ከፍ አለ፤ ከዚያ ዳኞቹ ቀስ በቀስ ወደ ለመዱት ተመለሱ። ዳኞችን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምንም አይገርመውም።

አሁን ወደ ልቤ ሐሳብ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ኒውዮርክ የወጣ ጥናት አለ። አሊሳ ፊሽቤን፣ ኦሬሊ ኡስና አኑጅ ሻህ ያጠኑት ነው። የጠየቁት እኔ ያልጠየቅኩትን ነው። ሰዎች ለምን ከቀጠሮ ይቀራሉ? መጀመሪያ የመጥሪያ ወረቀቱን አዩት። የቀጠሮው ቀንና ቦታ በቀላሉ የማይታይበት ቅጽ ነበር። ወረቀቱን አስተካከሉ፣ ቀኑንና ቦታውን ጉልህ አድርገው ወደ ላይ አወጡት። የሚቀረው ሰው በ13 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ ከቀጠሮው በፊት በስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ። በ21 በመቶ ቀነሰ። ማንንም አላሰሩም።

ለካ «ላይመጣ ይችላል» የሚለው ትንበያ ሁለት በር አለው። በአንዱ ሰውየውን ወደ እስር ቤት ይወስደዋል። በሌላው ስልኩን አንስቶ «ነገ ቀጠሮህ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው» ይለዋል። ስሌቱ ያው አንድ ነው። የስሌቱ ትክክለኛነት 65 ይሁን 80 ከመከራከራችን በፊት የቱ በር እንደተከፈተለት መጠየቅ አለብን። መልእክት ለመላክ የሚያገለግል ትንበያ ቢሳሳት፣ ሊመጣ የነበረ ሰው አንድ መልእክት በከንቱ ይደርሰዋል። ለእስር የሚያገለግለው ሲሳሳት ግን አንድ ሰው ታስሮ ያድራል። ያም ሰው ትንበያው መሳሳቱን የሚያሳይበት መንገድ የለውም፤ ታስሯልና «እመጣ ነበር» ማለቱን ማን ያምነዋል?

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ነገርኩት። በአንድ ቀን አይደለም፤ በየሻዩ ሰዓት፣ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን። መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ይሰማኝ ነበር። አንድ ቀን ወንበሩን አዙሮ «አንቺ ራስሽ ከጻፍሻቸው ውስጥ ስንቱ እንደዚያ ልጅ ይሆናል?» አለኝ። ላውቅ ፈለግኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ የራሴን መዝገቦች ብቻ እያወጣሁ ደግሜ አነበብኩ። ገጽ በገጽ። «ተከሳሽ አልቀረበም።» «ተከሳሽ አልቀረበም።» ታሞ ይሁን፣ መጥሪያው ሳይደርሰው ቀርቶ ይሁን፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ችሎት ተጠርቶ ይሁን፣ በእርግጥ ሸሽቶ ይሁን፣ ምንም የለም። ከስንቱ ስንቱ ብዬ ልነግረው አልቻልኩም። ቅጹ ላይ የምክንያት ቦታ አልነበረም። እኔም ከቅጹ ውጪ አልጻፍኩም።

ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ተጨመረ። «ምክንያት» ይላል። ወጣቱ ነው ለአለቆቹ ተከራክሮ ያስጨመረው። አብዛኛው ረድፍ ላይ የምሞላው «አይታወቅም» ብዬ ነው፤ ይህን መሙላት ግን ባዶ ከመተው ይሻላል። «አይታወቅም» የተባለውን ሁሉ ሞዴሉ እንደ ሸሸ ሰው እንዳይቆጥረው አሁን እየሠሩበት ነው። ትንበያውም ለማን እንደሚሰጥ ክርክሩ አላለቀም። እኔ ለዳኛው ከመድረሱ በፊት ቀጠሮ ለሚያስታውሰው ክፍል ይሂድ ባይ ነኝ፤ ለተከሳሹና ለጠበቃውም የተሞላው ቅጽ በሙሉ ይሰጥ፣ እያንዳንዷን ሳጥን አይተው «ይህ ስህተት ነው» የሚሉበት ቀን ይኑራቸው። በየስብሰባው ይህንኑ እደግመዋለሁ። የሰለቸው ሰው አለ፣ አውቃለሁ። አልተውም።

ዓምዱ በተጨመረ ቀን መጀመሪያ ያወጣሁት የዚያን ልጅ መዝገብ ነው። እንዲህ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፦ «ችሎቱ ተዛውሮ ነበር። ማስታወቂያው የተለጠፈበት በር ክፍት ስለነበር አልታየም። ተከሳሽና እናቱ ከጠዋት ጀምሮ…» ጽሑፉ እዚያ ላይ ቆመ። ሠንጠረዡ ከተወሰነ ፊደል በላይ አይቀበልም።

ወጣቱን ጠራሁት። መጥቶ ከጀርባዬ ቆሞ የጻፍኩትን አነበበ። ምንም አላለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ገደቡን አነሳው፣ ኪቦርዱን መልሶ ወደ እኔ ገፋው። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ ጻፍኩት።